ሮዴዢያን ሪጅባክ፦ ስለ ቁመናውና ስለ ጠባዩ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሮዴዢያን ሪጅባክ ስለሚባለው ውሻ የሚጠይቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነገር ይዞ ይመጣል፤ ጀርባው ላይ ፀጉሩ ወደ ፊት ያደገበትን መስመርና አንበሳን። ሁለቱም ከታች መልስ አላቸው። ሰፊውን ቦታ የወሰዱት ግን አቋሙ፣ አረማመዱና ጠባዩ ናቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሪጅባክ ከየት የመጣ ውሻ ነው?

ከደቡባዊ አፍሪካ ነው። ዘሩ የሚመዘዘው ከሁለት ወገን ነው። አንደኛው ወገን የኮይኮይ ሕዝብ ለአደን ይጠቀምባቸው የነበሩ ውሾች ናቸው። ግማሽ ለማዳ፣ ግማሽ የዱር ዓይነት ነበሩ፤ ጀርባቸው ላይ ፀጉራቸው ወደ ፊት ያድግ ነበር። ሁለተኛው ወገን አውሮፓውያን ሰፋሪዎች ወደ ኬፕ ቅኝ ግዛት ይዘዋቸው የመጡት ውሾች ናቸው። ሁለቱ እየተዳቀሉ ቆዩ።

በ1870ዎቹ ቻርልስ ሄልም የሚባል ሚስዮናዊ ቡላዋዮ አጠገብ ወዳለው ሆፕ ፋውንቴን ሚስዮን መስመር ያላቸው ውሾች ይዞ መጣ። ኮርኔሊየስ ቫን ሩየን የሚባል ስመ ጥር አዳኝ ደግሞ ከራሱ ውሾች ጋር አዳቀላቸው። የአንበሳ ውሻ የሚባለው ዘር የወጣው ከዚያ ነው። በ1922 ፍራንሲስ ባርንስ ቡላዋዮ ውስጥ የመጀመሪያውን የዝርያ መስፈርት፣ ማለትም ውሻው ምን መምሰል እንዳለበት የሚገልጸውን ጽሑፍ፣ አረቀቀ። መነሻ ያደረገው ዳልሜሽያን የሚባለውን ነጠብጣብ ውሻ መስፈርት ነበር። በ1926 የደቡብ አፍሪካ የውሻ አርቢዎች ማኅበር አጸደቀው። ቡላዋዮ የምትገኝባት፣ ሮዴዢያ ትባል የነበረችው አገር በ1980 ዚምባብዌ ስትባል ውሻው በአሮጌው ስሙ ቀረ።

እውነት አንበሳ ይገድላል?

አይገድልም። እንዲገድልም ተፈልጎ አያውቅም። 36 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ከ150 ኪሎ በላይ ከሚመዝን ወንድ አንበሳ ጋር ተናንቆ አይወጣም።

ሥራው ሌላ ነበር። ሁለት ወይም ሦስት ሆነው ዱካውን ይከተላሉ። አንበሳውን ሲያገኙት ዙሪያውን እየዞሩ ይጮኹበታል። ወደ አንዱ ሲዞር ሌላው ከኋላ ይተነኩሰዋል። ሲወረወርባቸው ዘለው ያመልጣሉ፤ ወዲያው ደግሞ ይመለሳሉ። አንበሳው ዓይኑ እነሱ ላይ ተተክሎ፣ እግሩ ካለበት ሳይነቃነቅ፣ አዳኙ ጠመንጃውን ይዞ ይደርሳል።

ይህን ካላወቅን የቀረው መስፈርት ትርጉም አይሰጥም። ደፍሮ ገብቶ የሚናከስ ውሻ በመጀመሪያው ቀን ይሞታል። የሚፈራ ውሻ ደግሞ አንበሳውን አያቆምም። ከግዙፉ ይልቅ ቀልጣፋው ይተርፋል። ጌታው በሩቅ ስላለ ትእዛዝ የሚጠብቅ ውሻም እዚያ ቦታ የለውም፤ በራሱ የሚወስን ነው የሚፈለገው። ከዚህ በታች የምታነቡት ስለ ደረት፣ ስለ እግርና ስለ ጠባይ ያለው ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ሥራ ነው።

ቁመቱና ክብደቱ ምን ያህል መሆን አለበት?

ወንዱ ከመሬት እስከ ትከሻው ከ63 እስከ 69 ሴንቲ ሜትር፣ ሴቷ ከ61 እስከ 66። ክብደቱ ለወንድ 36.5 ኪሎ፣ ለሴት 32 ኪሎ ነው ይላል መስፈርቱ። በተግባር ጥቂት ኪሎ የሚጨምሩ ብዙ ናቸው። ጡንቻ ከሆነና ውሻው ከቀለለው ችግር የለውም።

ትልቅ ከሆነ አይሻልም?

አይሻልም። ይህ በጣም የተለመደ ስህተት ነው። 'ግዙፍ ዘር' ተብሎ የሚሸጥ 50 ኪሎ የሆነ ሪጅባክ ካያችሁ፣ ሻጩ ውሻውን ሳይሆን ሚዛኑን እየሸጠ ነው። መስፈርቱ ቃል በቃል ማለት ይቻላል ግዙፍነትን ይከለክላል፤ ቅልጥፍና፣ ውበትና ጤናማ አቋም ይቅደም ይላል። ከባድ ውሻ አንበሳ ሲወረወርበት ዞር ለማለት ይዘገያል። ዛሬ አንበሳ የለም እንበል። መገጣጠሚያው ግን አለ፤ ትርፍ ኪሎውን የሚሸከመው እሱ ነው።

የከሳና እግሩ የሰለለም ትክክል አይደለም። በጣም የቀጠነውን ያየ ሰው ግሬይሀውንድ የሚባለው ቀጭን የሩጫ ውሻ ነው ሊለው ይችላል። ጥሩ ሪጅባክ መሐል ላይ ነው። ጠንካራ ነው፤ ግን ሲቆም የከበደ አይመስልም።

አካሉን ስገመግም ከየት ልጀምር?

ከሩቅ። ብዙ ሰው ቀጥ ብሎ ወደ ጀርባው መስመር ይሄዳል። እኔ ብትጠይቁኝ መጀመሪያ ውሻው ከጎን ሲሶመሶም ማየት ይበልጣል። እርምጃው ረጅም ነው? ያለ ልፋት ነው? ጀርባው ሳይወዛወዝ ቀጥ ብሎ ይሄዳል? ይህ ውሻ ቀኑን ሙሉ ከፈረስ ጎን እንዲሄድ የተረባ ነው። ጥቂት ሄዶ የሚንገታገት ከሆነ የቀረው ውበት ብዙም አይረባም።

ከዚያ ቆሞ እዩት። ሰውነቱ ከቁመቱ በጥቂቱ ረዘም ይላል። ደረቱ ጥልቅ ነው፤ ታችኛው ጫፉ እስከ ክርኑ ይደርሳል። ሰፊ መሆን ግን የለበትም። ጎድኖቹ መጠነኛ ጉብታ አላቸው። እንደ በርሜል ክብ ከሆኑ ክርኑን ወደ ውጭ ይገፉታል፤ ሩጫውም ይበላሻል። ለሳንባና ለልብ የሚሆን ቦታ የሚገኘው ከጥልቀቱ ነው። አንገቱ ረዘም ያለና ጠንካራ ነው፤ ከሥሩ የተንጠለጠለ ቆዳ የለውም። ወገቡ ጡንቻ ያለውና በትንሹ ቅስት የሠራ ነው።

የፊት እግሮቹ ቀጥ ያሉ፣ አጥንታቸው የዳበረ ነው። የኋላዎቹ ጉልበታቸው ላይ ደህና አድርገው ይታጠፋሉ፤ ለመስፈንጠር የሚጠቅመው ይሄ ነው። መዳፉን አንስታችሁ እዩ። ክብና የተሰበሰበ፣ ጣቶቹ ቅስት የሠሩ፣ ከሥር ያለው ቆዳ ወፍራምና የሚለጠጥ መሆን አለበት። በጣቶቹ መሐል ያለው ፀጉርም ይጠብቀዋል። የተዘረጋ መዳፍ ያለው ውሻ ድንጋያማ መሬት ላይ ቶሎ ያነክሳል። የውሻ ትርኢት ዳኞች ለመዳፍ ከዚህ የበለጠ ትኩረት ቢሰጡ ደስ ይለኝ ነበር።

ጅራቱ ሥሩ ላይ ወፍራም ሆኖ እየቀጠነ ይሄዳል። በትንሹ ወደ ላይ ይቀናል እንጂ አይጠቀለልም።

ጭንቅላቱስ?

በጆሮዎቹ መሐል ጠፍጣፋና ሰፋ ያለ ነው። ሲረጋጋ ግንባሩ ላይ መጨማደድ አይታይም። ከዓይኑ እስከ አፍንጫው ያለው የፊቱ ክፍል ረጅምና ጠንካራ ነው። ከንፈሩ ተጣብቆ ይዘጋል፤ አይንጠለጠልም። ጥርሶቹ ሲገጥሙ የላይኞቹ የፊት ጥርሶች ከታችኞቹ በትንሹ ቀድመው ተጠግተው ይቀመጣሉ። ጆሮው ከፍ ብሎ ይጀምርና ወደ ታች ይወርዳል፤ ከጭንቅላቱ ጋር ይጠጋል።

አፍንጫው ጥቁር ወይም ቡናማ ይሆናል። ጥቁር አፍንጫ ያለው ዓይኑ ጠቆር ይላል፤ ቡናማ አፍንጫ ያለው ዓይኑ የማር ቀለም አለው። ሁለቱም እኩል ትክክል ናቸው። ቡናማው 'ብርቅዬ' ነው ብሎ ዋጋ የሚያስጨምር ሻጭ ካጋጠማችሁ ቀጣዩን ፈልጉ።

ትክክለኛው የጀርባ መስመር ምን ይመስላል?

ፀጉሩ ከቀሪው አካል በተቃራኒ ወደ ፊት ያደገበት ቦታ ነው። ከትከሻው በስተኋላ ወዲያው ይጀምራል። እየጠበበ እስከ ዳሌ አጥንቱ ይወርዳል። ስፋቱ እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ጥሩ አማካይ ነው። ላይኛው ጫፍ አጠገብ ሁለት የፀጉር አዙሪቶች አሉት። ሁለት ብቻ! ትይዩ ሆነው፣ ተመሳስለው፣ አንዱ በግራ ሌላው በቀኝ መቀመጥ አለባቸው። ታችኛው ጠርዛቸው ከመስመሩ ርዝመት አንድ ሦስተኛውን ማለፍ የለበትም።

አንድ አዙሪት ብቻ ያለው፣ ሦስት ወይም አራት ያለው፣ ወይም አንዱ ከሌላው ዝቅ ያለበት ውሻ ትርኢት ላይ አያሸንፍም። ቤት ውስጥ ግን ፍጹም ጤነኛ፣ ፍጹም ጎበዝ ሊሆን ይችላል። አንበሳው አዙሪት አልቆጠረም።

መስመር የሌለው ቡችላ ይወለዳል? በሽታ ነው?

ይወለዳል፤ በሽታ አይደለም። እንዲያውም ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው።

መስመሩን የሚያመጣው የዘረመል ለውጥ ገዢ ነው። ከእናት ወይም ከአባት አንድ ቅጂ ከተወረሰ በቂ ነው። ሁለቱም ወላጆች አንድ አንድ ቅጂ ብቻ ካላቸው ግን ከቡችሎቻቸው በአማካይ አንድ አራተኛው ያለ መስመር ይወለዳል። በ2007 ተመራማሪዎች ምክንያቱን አገኙት። ኤፍጂኤፍ3፣ ኤፍጂኤፍ4 እና ኤፍጂኤፍ19 የሚባሉትን ጂኖች የያዘ የዲኤንኤ ክፍል ተደግሞ ተገኘ። ታይ ሪጅባክ የሚባለው የታይላንድ ውሻም ያው ለውጥ አለው።

ይኸው ለውጥ ደርሞይድ ሳይነስ ከሚባል የተፈጥሮ ጉድለት ጋር ተያይዟል። ፅንሱ ሲያድግ ቆዳውና የአከርካሪው ነርቭ በደንብ ሳይለያዩ ይቀራሉ። ከቆዳው ወደ ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ ይፈጠራል። አንዳንዱ ላዩ ላይ ይቀራል፤ አንዳንዱ እስከ አከርካሪ ይዘልቃል። ካመረቀዘ ከባድ ሕመም ያመጣል፤ ሞትም ሊያመጣ ይችላል። ሁለት ቅጂ የወረሱ ውሾች የበለጠ ይጋለጣሉ። መስመር የሌላቸው ላይ እምብዛም አይታይም።

እንግዲህ ታሪኩ እንዲህ ከሆነ መስመር የሌላቸውን ቡችሎች ሲወለዱ መግደል ምን ይባላል? ለረጅም ጊዜ ይደረግ ነበር። ይህን ልማድ የሚከላከል ክርክር ሰምቼ አላሳመነኝም። ዛሬ ጥሩ አርቢዎች እነዚህን ቡችሎች ለትርኢት ሳይሆን ለቤት ይሰጧቸዋል። በጠባይም በጉልበትም ከወንድሞቻቸው አያንሱም።

ቀለሙ ምን መሆን አለበት?

ከፈዛዛ ስንዴ እስከ ቀላ ያለ ስንዴ። ደረቱና ጣቶቹ ላይ ትንሽ ነጭ ይፈቀዳል፤ ሆዱ ላይ ወይም ከጣቶቹ በላይ የበዛ ነጭ አይፈለግም። አፉ አካባቢና ጆሮው ሊጠቁር ይችላል። ፀጉሩ አጭር፣ ጥቅጥቅ ያለና የሚያብለጨልጭ ነው። ሳምንት በሳምንት በጎማ ብሩሽ ብትጠርጉት ይበቃዋል።

ጠባዩ እንዴት ነው?

መስፈርቱ በጥቂት ቃላት ይጨርሰዋል፦ ክብሩን የሚጠብቅ፣ ብልህ፣ ከእንግዳ ራቅ የሚል፣ ጠበኛም ዓይናፋርም ያልሆነ። ከሁሉም ይልቅ ሰው የሚምታታበት 'ከእንግዳ ራቅ የሚል' የሚለው ነው።

ራቅ ማለት መናከስ አይደለም፤ መፍራትም አይደለም። እንግዳ ሲገባ ጥሩ ሪጅባክ ተነስቶ ያያል። አይዘልበትም፤ ጅራቱን እየቆላ አይልስም። ጥቂት ያሸትና ቦታው ላይ ይተኛል። ከፈለገ ቆይቶ ራሱ ይመጣል። ካልፈለገ አይመጣም። ብዙ ሰው ይህን 'ኩራተኛ ነው' ይለዋል፤ እውነት አለው። ከቤተሰቡ ጋር ሲሆን ግን ሌላ ውሻ ነው። ተደግፎ ይቆማል፣ ሶፋ ይወዳል፣ ከክፍል ክፍል ይከተላል።

ብዙም አይጮኽም። ሲጮኽ ምክንያት አለው፤ ሄዳችሁ እዩ።

የሚያሳስበው እንግዳ ሲመጣ ጅራቱን በእግሮቹ መሐል ከትቶ የሚያፈገፍግ ወይም ገና ሳይነኩት የሚያጉረመርም ሪጅባክ ነው። ሻጩ 'ዝርያው እንዲህ ነው' ሊላችሁ ይችላል። አይደለም። ፈሪ ውሻ ሲጨንቀው ይናከሳል። ቁመናው ምንም ያህል ቢያምር ለእርባታ መዋል የለበትም።

ሌላው፣ ዘግይቶ ነው የሚበስለው። አካሉ በአንድ ዓመት ተኩል የደረሰ ይመስላል። ጭንቅላቱ ግን ሁለት፣ አንዳንዴ ሦስት ዓመት ይፈልጋል። በዚህ መሐል 35 ኪሎ የሆነ ቡችላ ቤት ውስጥ እንዳለ ቁጠሩት።

ለጥበቃ ይሆናል?

መገኘቱ ብቻ ይጠብቃል። ሰው እንዲያጠቃ ማሠልጠን ግን አያስፈልግም፤ ባይሞከርም ይሻላል። በራሱ የሚወስን ውሻ ላይ ጥቃት ስታስተምሩ፣ መቼ እንደሚጠቀምበትም እሱ ነው የሚወስነው።

ለማሠልጠን ይከብዳል?

ይማራል፤ ፈጥኖ ይማራል። መታዘዝ ላይ ግን ያስብበታል። 'ና' ሲባል አንዴ ያያችሁና ጥቅሙን ያሰላል። በጩኸትና በዱላ የሚሄድ ሰው እዚህ ይሸነፋል። ይህ ውሻ ሲበዛ ስሜቱ ቶሎ ይጎዳል፤ አንዴ ከተቀየመ ጆሮውን ይደፍናል። የሚሠራው አጭር ልምምድ፣ ያልተለወጠ ሕግና ምግብ ነው። ሆዱን ይወዳል፤ ይህን ተጠቀሙበት። (ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሥጋም አይተርፍም። ቁመቱ ይደርሳል።)

ከሰውና ከአካባቢ ማላመዱ ከስምንት ሳምንት ዕድሜው ጀምሮ ቢሆን ጥሩ ነው። የተለያየ ሰው፣ የተለያየ ድምፅ፣ የተለያየ መሬት ይይ። ይህ ጊዜ ካለፈ በኋላ ማካካስ ከባድ ነው።

የመጀመሪያ ውሻችሁ ከሆነ? ትዕግሥትና ጊዜ ካላችሁ ይቻላል። ከሌላችሁ ቀለል ባለ ዝርያ ጀምሩ።

ከልጆች፣ ከድመትና ከሌላ ውሻ ጋርስ?

ከቤቱ ልጆች ጋር አብዛኛውን ጊዜ ታጋሽ ነው። ቡችላው ግን ትንሽ ልጅ ገፍቶ ይጥላል፤ በክፋት ሳይሆን በጉልበት። ብቻቸውን አትተዉአቸው። አብራው ያደገችውን ድመት ይቀበላል። የጎረቤቱ ድመት ግን እየሮጠች ካለፈች አዳኝነቱ ይነሳል። ስለዚህ አጥር ከፍ ያለ ይሁን። ክፍት ቦታ ላይ ያለ ማሰሪያ መልቀቅም ተመልሶ መምጣቱን ላላረጋገጠ ሰው አይመከርም። ከሌሎች ውሾች ጋር ይስማማል፤ ተመሳሳይ ጾታ ያላቸው ሁለት አዋቂዎች ግን ሊጋጩ ይችላሉ።

ምን ያህል እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል?

አዋቂው በቀን አንድ ሰዓት ቢያንስ፤ ሁለት ቢሆን ደስታው። ያን ካገኘ ቤት ውስጥ ጸጥ ብሎ ይውላል። እያደገ ያለ ቡችላ ግን ከሯጭ ጋር ረጅም ርቀት አይሩጥ፤ አጥንቱ አልጠነከረም።

በማሽተት ነው በማየት የሚያድነው?

በሁለቱም። የዓለም አቀፉ የውሻ ማኅበራት ፌዴሬሽን በመስፈርት ቁጥር 146 መዝግቦ በምድብ 6 ውስጥ አስቀምጦታል፤ ያም የአሽታች አዳኞችና የዘመዶቻቸው ምድብ ነው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ በዓይን ከሚያድኑት ጋር ሰው ሠራሽ ኢላማ እያሳደደ ይወዳደራል። ክርክሩ አላበቃም። ውሻው ግን ተጨንቆበት አያውቅም።

ምን ዓይነት ሕመም ያጠቃዋል?

በአጠቃላይ ጠንካራ ነው፤ ከ10 እስከ 12 ዓመት ይኖራል። ከደርሞይድ ሳይነስ ሌላ የዳሌና የክርን መገጣጠሚያ ችግር፣ የታይሮይድ ዕጢ መዳከምና በእርጅና የኋላ እግርን እያሰነፈ የሚሄድ የአከርካሪ ነርቭ ሕመም ይታይበታል። በወጣትነት የሚጀምር በዘር የሚተላለፍ የሚጥል በሽታም አለ፤ ለእሱ የዘረመል ምርመራ ይገኛል።

አንዱን ግን ማንም ባለቤት በቃሉ ሊያውቀው ይገባል፤ የጨጓራ መነፋትና መጠምዘዝ። ደረታቸው ጥልቅ የሆኑ ውሾች ሁሉ ይጋለጡበታል። ሆዱ ይነፋል፤ ሊያስታውክ ይሞክራል ግን ምንም አይወጣም፤ ምራቁ ይዝረከረካል፤ አንድ ቦታ መቀመጥ አይችልም። እስኪነጋ ልጠብቅ የሚባልበት አይደለም። በሰዓታት ውስጥ ይገድላል፤ ወዲያው ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ነው። ለመከላከል ምግቡን በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ከፋፍላችሁ ስጡት፤ እንደበላ አታስሩጡት።

ቡችላ ስመርጥ ምን ልይ?

መጀመሪያ እናትየዋን እዩ። እንግዳ ሲገባ የምታደርገው ነገር ስለ ቡችሎቿ ብዙ ይነግራችኋል። አባትየውም ካለ ደግ። የሁለቱን የዳሌና የክርን ራጅ ውጤት ጠይቁ። 'ጤነኛ ናቸው' የሚል የቃል ማረጋገጫ ወረቀት አይተካም።

ቀጥሎ የደርሞይድ ሳይነስ ምርመራ ማን እንዳደረገ ጠይቁ። ልምድ ያለው ሰው የአንገቱንና የጀርባውን ቆዳ በጣቶቹ እያነሳ፣ እስከ ጅራቱ ሥር፣ መሐል መሐሉን ይዳስሳል። ችግሩ ካለ ከቆዳው ሥር ቀጭን ገመድ የመሰለ ነገር ይሰማል። ከአንድ ጊዜ በላይ ቢደረግ ይመረጣል፤ በመጀመሪያው ሊያመልጥ ይችላልና። ችግር የተገኘበት ቡችላ ቱቦው በቀዶ ሕክምና ወጥቶለት ደህና ሊኖር ይችላል፤ ለእርባታ ግን አይሆንም።

የጀርባውን መስመር ለመጨረሻ አቆዩት። አዙሪቶቹ ሲወለድ ጀምሮ ይታያሉ፤ ከዚያ በኋላ አይለወጡም። ለትርኢት ካልሆነ፣ ሦስት አዙሪት ያለውንና መጥቶ ጫማችሁን አሽትቶ እግራችሁ ሥር የተኛውን ቡችላ ውሰዱ።